የቤተሰብ ፎቶዎችን በፒካሳ ማደራጀት፦ ዝርዝር መመሪያ

አክስቴ በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ ሰፈራቸው ተነሥተው ወደ ሌላ መኖሪያ ሲዛወሩ «አንተ ዘንድ ይቀመጥ» ብለው የሰጡኝ፣ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ሙሉ የታጠበ ፎቶ፣ አምስት ሲዲና ክዳኑ የጠፋ አንድ ፍላሽ ነበር። እኔም አራት ኪሎ በሚገኘው ቤቴ ለዓመታት በዲጂታል ካሜራና በስልክ ያነሣኋቸው፣ በሦስት ኮምፒውተሮች የተበታተኑ ብዙ ፎቶዎች ነበሩኝ። ይህን ሁሉ ሰብስቤ መልክ ያስያዝኩት ፒካሳ በተባለ፣ ባለቤቱ ጉግል ከተወው ዓመታት ባለፉት የፎቶ ማደራጃ ፕሮግራም ነው። በዙሪያዬ ያሉ ብዙ ሰዎች ተመሳሳይ ሥራ ከፊታቸው እንደሚጠብቃቸው ስለማውቅ፣ የሄድኩበትን መንገድ በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

ጉግል ፒካሳን እ.ኤ.አ. በ2004 ገዝቶ በነፃ ሲያሠራጨው የቆየ ሲሆን የመጨረሻው ዋና እትም 3.9 ነው። ሥራውን እንደሚያቆም ያስታወቀው የካቲት 4 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው፤ በኮምፒውተር ላይ ለሚጫነው ፕሮግራም የሚሰጠው ድጋፍ ደግሞ መጋቢት 6 ቀን 2008 ዓ.ም. አበቃ። ይሁን እንጂ የተጫነው ፕሮግራም በዊንዶውስ ላይ ዛሬም ይሠራል። ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ወርሃዊ ክፍያ የለውም፣ አቅሙ ደከም ባለ ኮምፒውተር ላይም ብዙ ሺህ ፎቶ ሳያስቸግር ያሳያል። መስመር በሚቆራረጥበት፣ የዳታ ጥቅልም በፍጥነት በሚያልቅበት ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው። የማክ ተጠቃሚዎች ግን እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው ካታሊና ከተባለው የማክ ሲስተም ጀምሮ ሊያስነሡት አይችሉም፤ ፕሮግራሙ ባለ 32 ቢት ስለሆነ ማሽኑ አይቀበለውም።

ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት አንድ ደንብ በልብዎ ይያዙ። ባለቤት የሌለው ፕሮግራም አንድ ቀን አልነሣም ሊል ስለሚችል፣ በፒካሳ ውስጥ የሚደክሙበት ነገር ሁሉ በመጨረሻ በፎቶው ፋይል ውስጥ ወይም በፎልደሩ ስም ላይ መቀመጥ አለበት። ፕሮግራሙ ብቻ የሚያውቀው ሥራ ከፕሮግራሙ ጋር ይጠፋል። ከዚህ በታች ያሉት ምክሮች በሙሉ ከዚህ ደንብ የሚነሡ ናቸው።

ፎቶዎቹን መሰብሰብ

ፒካሳን ከመጫንዎ በፊት በቂ ቦታ ባለው ዲስክ ላይ አንድ ዋና ፎልደር ይክፈቱና ‹ፎቶዎች በኢትዮጵያ አቆጣጠር› ብለው ይሰይሙት። በውስጡ ለጊዜው ‹ያልተለየ› የሚል ፎልደር ከፍተው ፎቶዎቹን በየመጡበት ያስገቡ፦ የአንዱ ካሜራ ለብቻው፣ የአንዱ ስልክ ለብቻው፣ የሲዲዎቹ ለብቻቸው ይሁኑ። በየበዓሉና በየሠርጉ ለመለየት አይቸኩሉ፤ በየካሜራው ተለይተው መቆየታቸው ቀን በምናስተካክልበት ጊዜ እጅግ ይጠቅመናል።

ፍላሽ ሲከፍቱ በፎልደሮቹ ፋንታ ሾርትከት ብቻ ካዩ ፎቶዎቹ ጠፉ ብለው ፎርማት አያድርጉ። ይህ ፎልደሮችን የሚደብቅ የታወቀ ቫይረስ ነው። ሾርትከቶቹን አይጫኑ፤ በቅድሚያ በአንቲቫይረስ ይፈትሹ፤ ቀጥሎም በዊንዶውስ የፎልደር ምርጫዎች ውስጥ የተደበቁ ፋይሎችንና የሲስተም ፋይሎችን እንዲያሳይ ያድርጉ። አብዛኛውን ጊዜ ፎቶዎቹ በቦታቸው ይገኛሉ። የአክስቴ ፍላሽም እንዲሁ ነበር።

ዘመድ በቴሌግራም የላከው ፎቶ እንደ ተራ ፎቶ ከተላከ መጠኑ ይቀንሳል፣ የተነሣበት ቀንም ከውስጡ ይወጣል። ስለዚህ ዋናውን ፎቶ የያዘው ሰው በሕይወት ካለና ስልኩ ካልጠፋ፣ እንደ ፋይል አድርጎ በድጋሚ እንዲልክልዎ ይለምኑት። የአይፎን ተጠቃሚ ከሆኑ ደግሞ ስልኩ ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ፎቶ የሚያስቀምጥበትን ኤችኢአይሲ የተባለ ዓይነት ፒካሳ አይከፍተውም። በስልኩ የካሜራ ማስተካከያ ውስጥ ፎርማት የሚለውን ገብተው ‹ሞስት ኮምፓቲብል› የሚለውን ቢመርጡ ከዚያ ወዲህ የሚያነሡት በተለመደው የፎቶ ፋይል ዓይነት በጄፔግ ይቀመጣል፤ ቀድሞ የተነሡትን ወደ ጄፔግ ቀይረው ያስገቡ።

የታጠቡትን ፎቶዎች ስካን ሲያደርጉ በ600 ዲፒአይ (የስካነሩ የጥራት መጠን ነው) ያንሡና በጄፔግ ያስቀምጡ። ጄፔግ የምልበት ምክንያት ፒካሳ መግለጫና ታግ (ፎቶውን በኋላ ለመፈለግ የሚሰጠው አጭር ቃል) በፎቶው ውስጥ የሚጽፈው ፋይሉ ጄፔግ ሲሆን ስለሆነ ነው። የፎቶውን ጀርባ መተው ግን ትልቅ ስሕተት ነው። አክስቴ ቆርቆሮ ውስጥ አያቴ በነጠላ ተከናንበው ከፎቶ ቤት መጋረጃ ፊት የቆሙበት፣ ዳሩ እንደ ዳንቴል የተቆረጠ ትንሽ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነበር። ጀርባው ላይ በሰማያዊ ቀለም «ለማስታወሻ ያህል፣ መስከረም 1968 ዓ.ም.» ተብሎ ተጽፎ፣ ከሥሩ የፎቶ ቤቱ ማኅተም ግማሹ ደብዝዞ ይታያል። የዚያ ፎቶ ዘመን የታወቀው በጀርባው ብቻ ነው። ስለዚህ ጀርባውንም ስካን አድርገው ከፊቱ ጋር ተመሳሳይ ስም ይስጡትና በመጨረሻው ላይ ‹ጀርባ› የሚል ቃል ይጨምሩበት።

መጫን

ጉግል የመጫኛውን ፋይል ከገጹ ካወረደው ቆይቷል፤ ስለዚህ ከሌላ ሰው ፍላሽ ወይም የቆዩ ፕሮግራሞችን ከሚያስቀምጥ ገጽ ማግኘትዎ አይቀርም። ከየትም ያግኙት፣ ከመጫንዎ በፊት ፋይሉን በቀኝ ጠቅታ ከፍተው ‹ፕሮፐርቲስ› ከሚለው ውስጥ ‹ዲጂታል ሲግነቸርስ› የሚለውን ይመልከቱ። ፈራሚው ጉግል ካልሆነ ወይም ፊርማ የሚባል ነገር ከሌለው ይጣሉት። ይህን ማረጋገጥ ግማሽ ደቂቃ የማይፈጅ ስለሆነ እባክዎ አይዝለሉት።

መጀመሪያ ሲነሣ ፒካሳ ኮምፒውተሩን በሙሉ ልፈትሽ ወይስ የተለመዱትን ፎልደሮች ብቻ ብሎ ይጠይቃል። ሁለተኛውን ይምረጡ፤ አለበለዚያ የፕሮግራሞችን ሥዕሎች ሁሉ ሰብስቦ ያጨናንቅዎታል። ከዚያ ‹ቱልስ› ከሚለው ዝርዝር ‹ፎልደር ማናጀር›ን ከፍተው ለዋናው ፎልደርዎ ‹ስካን ኦልዌይስ› የሚለውን፣ ለሌሎቹ ሁሉ ‹ሪሙቭ ፍሮም ፒካሳ› የሚለውን ይምረጡ። ይህ ፎቶ አያጠፋም፤ ፒካሳ እዚያ ቦታ እንዳይመለከት ብቻ ያደርጋል። ‹ቪው› ውስጥ ‹ፎልደር ቪው› በሚለው በኩል ፎልደሮቹ በስም እንዲደረደሩ ማድረግንም አይርሱ። ወደ ኢንተርኔት አልበም መጫንንና ካርታን የሚመለከቱት ቁልፎች ከጉግል አገልግሎት ጋር ስለሞቱ ጊዜዎን አያጥፉባቸው።

ቀን ማስተካከል

ለእኛ አገር ሰው ከሁሉ የሚከብደው ሥራ ይህ ነው። ካሜራም ሆነ ፒካሳ የሚያውቁት የፈረንጁን አቆጣጠር ብቻ ሲሆን፣ ብዙዎቻችን ግን ካሜራውን ስንገዛ ዓመቱንም ሰዓቱንም በኢትዮጵያ ሞልተናል። ለምሳሌ ጥር 11 ቀን 2001 ዓ.ም. ጃንሜዳ በጥምቀት ዕለት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ20 የተነሣ ፎቶ በእውነተኛው የፈረንጅ አቆጣጠር ጃንዋሪ 19 ቀን 2009፣ 9 ሰዓት ከ20 መባል ሲገባው፣ ካሜራው ሜይ 11 ቀን 2001 ከሌሊቱ 3 ሰዓት ከ20 ብሎ መዝግቦት ይገኛል።

መልካሙ ነገር ሰዓቱ ዳግም እስካልተነካ ድረስ የካሜራው ስሕተት መጠን አይለወጥም። ስለዚህ ቀኑን በእርግጠኝነት የሚያውቁት አንድ ፎቶ ካገኙ የዚያ ካሜራ ፎቶዎች ሁሉ አብረው ይስተካከላሉ። ቀኑ የማያከራክር በዓል ይፈልጉ፤ ጥምቀት፣ የመስቀል ደመራ፣ ገና ለዚህ ይስማማሉ። የካሜራውን ፎቶዎች በሙሉ የያዘውን ፎልደር ከፍተው ከዚያ በዓል ፎቶ ጀምሮ ያሉትን ይምረጡ፤ ‹ቱልስ› ውስጥ ‹አድጀስት ዴት ኤንድ ታይም› የሚለውን ይክፈቱ፤ መነሻ ለሆነው ፎቶ ትክክለኛውን የፈረንጅ ቀንና ሰዓት ሞልተው፣ ሁሉም በእኩል መጠን እንዲዛወሩ የሚያደርገውን ምርጫ ይያዙ። ሁሉንም አንድ ዓይነት ቀን የሚያደርገው ሌላው ምርጫ ለስካን ፎቶዎች እንጂ ለዚህ አይሆንም።

ሥራው መሳካቱን የሚያረጋግጡት በሁለተኛ በዓል ነው። በምሳሌዬ ካሜራ የፋሲካው ፎቶ ከጥምቀቱ 90 ቀን በኋላ ስለሆነ ኤፕሪል 19 ቀን 2009 ሆኖ መገኘት አለበት፤ ይህም ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ካሜራው ወራቱን የሚቆጥረው እንደ ፈረንጅ ስለሆነ፣ በ5ኛው ወር 11ኛ ቀን የተሞላው ካሜራ ለፋሲካ 8ኛው ወር 9ኛ ቀን እንጂ 11ኛ ቀን አይልም። በካሜራው ላይ የሚታየውን እንደ ኢትዮጵያ ቀን ቆጥረው ፎልደር ቢሰይሙ በየወሩ እየተንሸራተተ ይሄዳል። ሁለተኛው በዓል ካልገጠመ ደግሞ በመካከሉ ባትሪው ወጥቶ ሰዓቱ ተመልሶ ነበር ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ላሉት አዲስ መነሻ ይፈልጉላቸው።

ዓመቱን ለመለወጥ ከመስከረም መባቻ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ይጨምሩ። ከጳጉሜን 6 ቀጥሎ የሚመጣው ዓመት ግን እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ በአንድ ቀን ይዘገያል። የሚሌኒየሙ መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 የዋለው፣ የዚያ ዓመት ጥምቀትም ጃንዋሪ 20 የሆነው ለዚህ ነው።

ቀኑ ከተስተካከለ በኋላ ፎቶዎቹን በየዝግጅቱ ወደ ፎልደር ይለዩ። የፎልደሩ ስም በኢትዮጵያ ዓመት፣ ወርና ቀን ይጀምርና የዝግጅቱ ስም ይከተለው፦ ‹2001-05-11 ጥምቀት ጃንሜዳ› እንደማለት። ወሩ በሁለት አኃዝ ካልተጻፈ 10ኛው ሰኔ፣ 11ኛው ሐምሌና 12ኛው ነሐሴ ከ2ኛው ጥቅምት በፊት ሊደረደሩ ይችላሉ። በዚህ ዓይነት ቤተሰቡ የሚያውቀው ቀን በፎልደሩ ላይ፣ ማሽን የሚያውቀው ቀን በፎቶው ውስጥ ይሆናል፤ ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

መግለጫና ታግ

ፎቶውን በሁለት ጠቅታ ሲከፍቱ ከሥሩ መግለጫ የሚጻፍበት መስመር ያገኛሉ። እዚያ ላይ ማን፣ የት፣ መቼ የሚለውን በሙሉ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፤ ከጀርባው ያለውንም ጽሑፍ ቃል በቃል ይገልብጡ። ታግ የሚጻፍበትን ሰሌዳ ለማውጣት ኮንትሮልንና ቲን አብረው ይጫኑ። መቶ ፎቶ መርጠው አንድ ታግ በአንድ ጊዜ መስጠት ይቻላል።

በአማርኛ መጻፍ ከመጀመርዎ በፊት ሙከራ ያድርጉ። በአንድ ፎቶ ላይ አንድ የአማርኛ ታግና አንድ መግለጫ ጽፈው ፕሮግራሙን ይዝጉ፤ እንደገና ከፍተው ፊደሉ በሣጥን ፋንታ በትክክል መታየቱን፣ በፍለጋውም መገኘቱን ይመልከቱ። ቀጥሎ ፋይሉን ከፒካሳ ውጭ በዊንዶውስ ‹ፕሮፐርቲስ›፣ ‹ዲቴይልስ› በሚለው ውስጥ ይክፈቱት። በሁለቱም ቦታ ካነበቡት ይቀጥሉ፤ በአንዱ እንኳ ካልተነበበ ታጉን በላቲን ፊደል ጽፈው አማርኛውን ለፎልደሩ ስም ይተዉት።

ከዚህ የሚከተለውን ምክር ከልብ ይያዙት። ፍለጋው ፊደልን እንጂ ድምፅን አያውቅም። ‹ሠርግ› ብለው ታግ ያደረጉት ፎቶ ‹ሰርግ› ብለው ሲፈልጉት አይወጣም፤ ‹ዓውደ ዓመት›ና ‹አውደ አመት›፣ ‹ፀበል›ና ‹ጸበል› ለማሽኑ የተለያዩ ቃላት ናቸው። እኔ በመጀመሪያው ወር ስሜት እንዳመጣልኝ እየጻፍኩ ለአንድ ልደት ሦስት ዓይነት ታግ ፈጥሬ፣ ለማስተካከል ከመጻፍ የበለጠ ጊዜ ወስዶብኛል። ስለዚህ ከመጀመርዎ በፊት በአንድ ወረቀት ላይ የታጎቹን ዝርዝር ይጻፉ፤ ሠላሳ ቃል ያህል ይበቃል። ሠርግ፣ ክርስትና፣ ልደት፣ ምርቃት፣ ለቅሶ፣ የሰፈሮች ስም፣ የበዓላት ስም። ወረቀቱን ከኮምፒውተሩ አጠገብ ለጥፈው ከእሱ ውጭ አይውጡ። የሰፈር ታግን በተለይ አይዝለሉ፤ ዛሬ ከፎቶው ኋላ የሚታየው የፒያሳ ወይም የካዛንቺስ በረንዳ በቦታው ላይኖር ይችላልና።

አልበም የሚባለውን ነገር ግን በልክ ይጠቀሙበት። አልበም ፎቶዎችን ሳያንቀሳቅስ በአንድ ላይ ለማየት ይመቻል፤ ሆኖም የሚቀመጠው በፒካሳ የራሱ መዝገብ ውስጥ እንጂ በፎቶው ውስጥ አይደለም። ለዘለቄታው የሚፈልጉትን ስብስብ በታግ ያድርጉት። ደግሞም ፎቶን ከአልበም ማውጣት ፋይሉን አያጠፋም፤ ከፎልደር ማጥፋት ግን ከዲስኩ ያጠፋዋል። የትኛው ውስጥ እንዳሉ ሳያዩ ‹ዲሊት› አይጫኑ።

የሰዎች ፊት

ፒካሳ ፊቶችን ራሱ ለይቶ ‹አንኔምድ ፒፕል› በሚል ቦታ ይሰበስባቸዋል፤ ለጥቂቶቹ ስም ሲሰጡ የቀሩትን ይጠቁማል። ስም መስጠት ከመጀመርዎ አስቀድመው ‹ቱልስ›፣ ‹ኦፕሽንስ›፣ ‹ኔም ታግስ› ውስጥ ገብተው ስሞቹ በፎቶው ውስጥ እንዲቀመጡ የሚያደርገውን ሣጥን ምልክት ያድርጉበት። ምልክቱ ከሌለ ስሞቹ በፒካሳ ዘንድ ብቻ ይቀራሉ።

ስሙን ከነአባት ስም ይጻፉ። በእኛ ቤት ብቻ ሦስት አልማዞች አሉ። የቤት ስምም ይጨምሩበት፤ ልጆቹ «እትዬ» ወይም «ጋሼ» እያሉ ያደጉትን ሰው በመዝገብ ስሙ ላይለዩት ይችላሉ። ነጠላ ወይም ሻሽ ፊትን ሲሸፍን፣ ሕፃናትም ሲያድጉ ጥቆማው ስለሚሳሳት ሁሉንም በአንድ ጊዜ አያጽድቁ። አረጋውያንን አጠገብዎ አስቀምጠው መጠየቅ ከማንኛውም ጥቆማ ይበልጣል፤ አክስቴ በሁለት ቅዳሜ ከሰዓት የነገሩኝን ስም ሌላ ማንም አያውቀውም ነበር።

ማረምና ማስቀመጥ

የደበዘዘ ፎቶ ማጥራት፣ የተጣመመን ማቅናት፣ ዳሩን መቁረጥ ቀላል ስለሆነ በዚህ ላይ አልቆይም። መረዳት ያለብዎ ግን ፒካሳ እርማቱን ‹ሴቭ› እስኪሉት ድረስ በፎቶው ላይ አያሳርፈውም፤ ስሙ በነጥብ ጀምሮ ‹ፒካሳ› በሚልና ቅጥያው ‹አይኤንአይ› በሆነ በየፎልደሩ በተደበቀ ትንሽ ፋይል ውስጥ ይመዘግበዋል። ‹ሴቭ› ሲሉ ደግሞ ያልታረመውን ዋና ፎቶ ‹ፒካሳ ኦሪጂናልስ› ወደሚባል የተደበቀ ፎልደር ይገለብጠዋል። እነዚህ ፋይሎች የቫይረስ ትራፊ ይመስላሉ። አንድ ጊዜ ዲስኬን ሳጸዳ እኔም እንደዚያ መስሎኝ አጥፍቻቸው የሁለት ሳምንት እርማት ጠፍቶብኛል። የተደበቁትን አይንኩ፤ ፎልደር ሲገለብጡም አብረው መሄዳቸውን ያረጋግጡ።

አንድ ፎልደር እንደጨረሱ ‹ሴቭ› ያድርጉ። ብዙ መቶ ፎቶ አከማችቶ በአንድ ጊዜ ማስቀመጥ፣ መብራት በመካከል ቢጠፋ ፋይል ያበላሻል፤ በሃምሳ በሃምሳ ይሂዱ። ለዘመድ የሚሰጡትን ፎቶ በተራ ግልበጣ ሳይሆን ‹ኤክስፖርት› በሚለው ያውጡት፤ እርማቱ ያረፈበትን ቅጂ የሚያወጣው እሱ ነው።

ተመሳሳይ ፋይሎችን ‹ቱልስ›፣ ‹ኤክስፔሪሜንታል›፣ ‹ሾው ዱፕሊኬት ፋይልስ› ያወጣልዎታል። የሚያሳየው ሁለቱንም ቅጂ ስለሆነ ሁሉን መርጠው ካጠፉ አንዱም አይተርፍም። ጥንድ ጥንዱን እያዩ መጠኑ ትልቅ የሆነውን ያስቀሩ።

ቅጂ ማስቀመጥ

ዋናውን ፎልደር እንዳለ በሁለት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ይገልብጡ። አንዱ ቤትዎ ይቀመጥ፤ ሌላው በሌላ ሰፈር በሚኖር ዘመድ ቤት ይሁን። እኔ ሁለተኛውን ከእኅቴ ዘንድ አስቀምጬ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ ስሄድ አዲሱን እጨምርበታለሁ።

የመጨረሻው ፈተና ፒካሳ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ይደረጋል። ዲስኩን ይዘው ይሂዱ፤ አንድ ፎልደር ይክፈቱ፤ ከየዓይነቱ ጥቂት ፎቶዎችን በ‹ፕሮፐርቲስ› ውስጥ ይመልከቱ። የተነሣበት ቀን፣ መግለጫውና ታጉ እዚያ ከተነበቡ ሥራው ከፕሮግራሙ ወጥቶ በፎቶው ላይ ሰፍሯል። ወደፊት ዲጂካምን ወደመሰለ፣ በነፃ የሚገኝና ዛሬም የሚታደስ ፕሮግራም ቢዛወሩ መግለጫውንና ታጉን፣ እንዳልኩት ካስቀመጧቸውም የሰዎቹን ስም ይዘው ይሄዳሉ። እኔ ፈተናውን ያደረግሁት በእኅቴ ልጅ ላፕቶፕ ላይ ነበር። የአያቴን ፎቶ በቀኝ ጠቅታ ስከፍት «ለማስታወሻ ያህል፣ መስከረም 1968 ዓ.ም.» የሚለው ጽሑፍ በርዕሱ መስመር ላይ ወጣ፤ ልጅቷም ጮክ ብላ አነበበችው።